የሕግ ምክር፦ አባቴ ከግንባር የላካቸው ደብዳቤዎች የማን ናቸው?

ጥያቄ

«አባቴ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ1976 ዓ.ም. በብሔራዊ ውትድርና ዘምቶ ወደ ሰሜን ሲሄድ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። ከናቅፋና ከአፍአበት አካባቢ ዘጌ ትኖር ለነበረችው ለእናቱ፣ ለአያቴ ማለት ነው፣ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤ የካቲት 1980 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። መርዶ አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። አያቴ ደብዳቤዎቹን ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋ ይዛቸው ኖራ ባለፈው ዓመት አረፈች። ከተዝካሩ በኋላ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሳጥኑን ወሰደው። አሁን ደብዳቤዎቹን በስልኩ እያነሳ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፤ አንድ ሰውም መጽሐፍ እናድርጋቸው ብሎት እየተነጋገሩ ነው። ከለጠፋቸው አንዱ አባቴ ለእናቴ የጻፈው ነው። በአያቴ ፖስታ ውስጥ ታጥፎ የመጣ ነበር። እናቴ ጎረቤት ሲያነበው ሰምታ ከቤት መውጣት አስጠልቷታል። እኔ ለአባቴ አንድ ልጅ ነኝ። ደብዳቤዎቹ የማን ናቸው? አጎቴን ማስቆም እችላለሁ? አንደኛው ደብዳቤ ላይ ‹ብሞት ያለኝ ሁሉ ለልጄ ይሁን› የሚል አለ፤ ይህስ ኑዛዜ ይሆናል?» ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ።

መልስ

እህቴ፣ እርስዎም አጎትዎም በደብዳቤዎቹ ላይ መብት አላችሁ። መብታችሁ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሕጉ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ነገር ያያል፦ ወረቀቱንና ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ቃል። ወረቀቱ ከደረሰ በኋላ የተቀባዩ ንብረት ነው። ቃሉ ግን ቢላክም፣ ቢነበብም፣ ለብዙ ዓመት ሳጥን ውስጥ ቢቆለፍም የጸሐፊው እንደሆነ ይኖራል፤ ጸሐፊው ሲሞት ለእሱ ወራሾች ይተላለፋል።

ወደ እናንተ ቤት እናምጣው። ለአያትዎ የተጻፉት ደብዳቤዎች ወረቀታቸው የአያትዎ ነበር፤ ሲያርፉ ከሌላው ንብረታቸው ጋር ውርስ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842 መሠረት መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል ነው። ከወላጁ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ልጆቹ በእሱ ተተክተው ይወርሳሉ። አያትዎ የወለዱት አባትዎንና አጎትዎን ብቻ ከሆነ፣ የወረቀቱ ግማሽ የአጎትዎ፣ ግማሹ በአባትዎ ምትክ የእርስዎ ነው። ሌላ አክስት ወይም አጎት ካለ ድርሻው በዚያው ልክ ይሸራረፋል። የቃሉ ባለቤትነት ግን ከዚህ ይለያል። አባትዎ ከእርስዎ ሌላ ልጅ ከሌላቸው ወራሻቸው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ልጅ እያለ ወንድም አይወርስም። ስለዚህ አጎትዎ ወረቀቱ ላይ ድርሻ አላቸው፣ ወንድማቸው የጻፉትን ለሕዝብ የማውጣት መብት ግን የላቸውም። እርስዎም በበኩልዎ ሳጥኑን ጠቅልለው መውሰድ አይችሉም።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ አባትዎ በሕይወት የሉም በሚለው ላይ። በሕግ ፊት ይህ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። መርዶ አልመጣም፣ የሞት ምስክር ወረቀት የለም፣ የፍርድ ቤት ውሳኔም የለም። ዛሬ ተነሥተው አጎትዎን ቢከሱ ከሳሽነትዎን የሚቃወም ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው፦ «አባቷ ስለ መሞታቸው ምን ማስረጃ አላት? በማን ወራሽነት ነው የምትጠይቀው?» መልስ አይኖርዎትም። እንዲህ ያለ ክርክር ሰውን ምን ያህል እንደሚያደማ ስለማውቅ ነው አስቀድሜ የምነግርዎ። ስለዚህ ስለ ፌስቡኩና ስለ መጽሐፉ ከመሟገትዎ በፊት የአባትዎን ጉዳይ ፍርድ ቤት ያድርሱት።

መንገዱ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ለ2 ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ማንኛውም ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እናንተ 2 ዓመት አይደለም፣ የአንድ ሰው ግማሽ ዕድሜ ጠብቃችኋል። ማመልከቻው የሚቀርበው አባትዎ ከመዝመታቸው በፊት ዋና መኖሪያቸው በነበረበት ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ነው፤ ከፋብሪካው ሥራቸው አንጻር ያ ባሕር ዳር ነው። ፍርድ ቤቱ ስለ አባትዎ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ እንዲወጣ ያዛል፣ ምስክር ይሰማል፣ ከዚያ ይወስናል። አባትዎ ሲወድቁ በዓይኑ ያየ የጦር ጓድ ከተገኘ ደግሞ መንገዱ ያጥራል፤ ሞታቸውን ራሱን በምስክር ማስረዳት ይቻላል።

እዚህ ላይ ነው የመጨረሻው ደብዳቤ ከሁሉም የሚበልጠው። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ዋናው ጥያቄ «ወሬው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው መቼ ነው?» የሚል ነው። በአብዛኛው መዝገብ ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበው የሽማግሌ ትዝታ ነው፤ «የፋሲካ ሰሞን መሰለኝ»፣ «ክረምቱ ሊገባ ሲል» ይባላል። እናንተ ግን በራሳቸው እጅ የተጻፈ ቀን አላችሁ። የካቲት 1980 ዓ.ም. የተጻፈ ደብዳቤ የአፍአበት ውጊያ ሊደረግ ሳምንታት ሲቀሩት የተጻፈ ነው። በዚያ ውጊያ ከመጋቢት 8 እስከ 11 ቀን 1980 ዓ.ም. በዚያ ግንባር የነበረው የመንግሥት ጦር፣ የናደው ዕዝ፣ ፈርሶ በሺዎች የሚቆጠር ወታደር ሞቷል፣ ቆስሏል፣ ተማርኳል። ደብዳቤው የመጣው ከዚያ ግንባር መሆኑና ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አለመምጣቱ ሲደመር ለዳኛ ብዙ ይናገራል።

የዚያ ዘመን የወታደር ደብዳቤዎች በሥራዬ እጄ ገብተው ያውቃሉ፤ የት የት እንደሚያዩ ልንገርዎ። ብዙዎቹ ከደብተር የተቀደደ ባለ መስመር ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ ናቸው። ወረቀት ስለማይገኝ ጽሑፉ ኅዳጉንም ይሞላዋል፣ አንዳንዴ የመጨረሻው ሰላምታ በጎን ተጽፎ ይገኛል። ከላይ በቀኝ በኩል ቀን አለ፤ ቦታው ግን ብዙ ጊዜ አይጠቀስም፣ በምትኩ የክፍሉ ቁጥር ይኖራል። ያንን ቁጥር ይጻፉት፤ ለመከላከያ ሚኒስቴር በጽሑፍ ሲጠይቁ ስምና የዘመቱበት ዓመት ብቻውን አይበቃም። ፖስታው ካለ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ላይ ያለውን ቀን ይመልከቱ። ፖስታ ከሌለ «በእጅ» የሚል፣ የመልእክተኛው ስም ያለበት ጽሑፍ ይኖር ይሆናል። ፈቃድ ወጥቶ ወደ ጎጃም የሚመለስ ጓድ ነበር ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው። ያ ሰው በሕይወት ካለ ከደብዳቤው ቀጥሎ ትልቁ ማስረጃዎ እሱ ነው። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ «እነ እገሌም ሰላም ይሉሻል» ተብለው የተጠሩትም አብረዋቸው የነበሩ ናቸው፤ ስማቸውን አንድ በአንድ ያውጡ። የዚያ ጦር አባላት የነበሩ ዛሬ በባሕር ዳርም በአካባቢው ወረዳዎችም አሉ፤ እርስ በርስም ይተዋወቃሉ።

ሌላም አለ። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ሲታወጅ አገልግሎቱ 6 ወር ሥልጠናና 2 ዓመት ግዳጅ፣ በጠቅላላው 30 ወር ነበር። በ1976 የዘመተ ሰው በ1979 ገና ከግንባር የሚጽፍ ከሆነ ጊዜው አልቆ በጦርነቱ ምክንያት አልተለቀቀም ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ደብዳቤዎች ውስጥ «መቼ እንደሚለቁን አይታወቅም» የሚል ዓይነት ነገር ካለ ለዩት። «ጠፋ የሚባለው ምናልባት ተሰናብቶ ሌላ አገር ኑሮ መሥርቶ ይሆናል» ለሚል ጥርጣሬ ጥሩ መልስ ነው። ከጉዳዩ ጎን ለጎን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርንም ይጠይቁ፤ በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ ሥራ አለው። ፍለጋው ውጤት ባያመጣም «ጠይቀን አልተገኘም» የሚለው ወረቀት ራሱ ለመዝገቡ ይጠቅማል።

የመጥፋት ውሳኔው ሲሰጥ ወሬያቸው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማበት ቀን በውሳኔው ላይ በግልጽ እንዲሰፍርልዎ በማመልከቻዎ ይጠይቁ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አባትዎ ከአያትዎ አስቀድመው ማለፋቸው ካልታወቀ፣ በአያትዎ ውርስ ውስጥ በአባትዎ ተተክተው መግባትዎን አጎትዎ ወይም ሌላ ሰው ሊከራከርበት ይችላል።

ቀጥሎ የወራሽነት ማስረጃ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 የሚለው። ሁለት ይወጣልዎታል፦ አንዱ በአባትዎ፣ ሌላው በአባትዎ ምትክ በአያትዎ። የአባትዎ ልጅ መሆንዎን ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። በዚያ ዘመን ለተወለደ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ማግኘት ብርቅ ነው፤ ሕጉም ይህን ያውቃል። የልደት መዝገብ ከሌለ በአካባቢው ሰው ዘንድ የእገሌ ልጅ ተብሎ መታወቅ በምስክር ይረጋገጣል፤ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) የሚከተለውም ይህንኑ ነው። የወላጆችዎን ጋብቻ የሚያውቁ፣ የክርስትናዎ ዕለት የነበሩ ሰዎች ይበቁዎታል። ደብዳቤዎቹም እዚህ ያግዛሉ። በጽሑፍዎ እንደነገሩኝ «ልጄ» ብለው በእጃቸው ጽፈዋል። አንድ አባት ከምሽግ ሆኖ ልጁን ሳሙልኝ ያለበት ወረቀት ለልጅነት ክርክር እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

አሁን ወደ ፌስቡኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 31 ምስጢርነት ያለው ደብዳቤ የተላከለት ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን ለሌላ መግለጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ልብ ይበሉ፣ ይህ ተቀባዩን ራሱን የሚከለክል ነው። አያትዎ እንኳ በሕይወት ሳሉ ማውጣት የማይችሉትን፣ ወረቀቱን ከእሳቸው ያገኙት አጎትዎ ሊያወጡት አይችሉም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 በፖስታ የሚላኩ ደብዳቤዎች እንዳይደፈሩ ይጠብቃል። ያው ቁጥር 31 ግን አንድ በር ክፍት ይተዋል፦ ደብዳቤውን በፍርድ ቤት ለማቅረብ ተገቢ ጥቅም እንዳለው ያስረዳ ሰው ሊያቀርበው ይችላል። ስለዚህ የአጎትዎን ልጥፍ የሚከለክለው ድንጋጌ የእርስዎን የፍርድ ቤት ማስረጃ አይከለክልም። ጸሐፊው በሌሉበት ፈቃድ መጠየቅ ያለበት ማን ነው ከተባለ፣ እኔ ብሆን ወራሻቸው ናት ብዬ ነው የምከራከረው።

አጎትዎ በበኩላቸው «ምስጢር ምን አለው? ያኔም ሰው ተሰብስቦ ነበር የሚነበበው» ይሉ ይሆናል። ይህ ክርክር ከንቱ አይደለም። እናት ማንበብ በማትችልበት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ተማሪ ልጅ ወይም ደብተራ ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ቅዳሜ ባሕር ዳር ገበያ ወርዶ በታንኳ ወደ ዘጌ የሚመለስ ሰው ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ጸሐፊውም ይህን ስለሚያውቅ ሰላምታውን ለጎረቤት ሁሉ ያዳርሳል። እንዲህ ያለውን ሰላምታና የደህንነት ወሬ ዳኛ ምስጢር ነው ላይለው ይችላል። ለዘጌ ጎረቤት እንዲነበብ መፍቀድ ግን ለማያውቁት ሺህ ሰው እንዲነበብ መፍቀድ አይደለም። ለባለቤት የተጻፈው ደግሞ ከመጀመሪያውም ለማንም አልተነበበም።

ስለ እናትዎ ደብዳቤ ስናገር ልቤ ይከብዳል፤ ሕጉም ግን ከሁሉም ይልቅ ግልጽ የሆነው እዚህ ላይ ነው። በአያትዎ ፖስታ ውስጥ ታጥፎ መምጣቱ የአያትዎ አያደርገውም። ተቀባዩን የሚወስነው «ይድረስ ለ…» የሚለው መክፈቻ ነው። ያ ወረቀት የእናትዎ የግል ንብረት ነው፣ የአያትዎ ውርስ ውስጥም አይገባም፤ አጎትዎ ቅንጣት ድርሻ የላቸውም። እናትዎ በሕይወት ስላሉ የመጥፋት ውሳኔም፣ የወራሽነት ማስረጃም ሳይጠብቁ በራሳቸው ስም ዛሬውኑ ሁለት ነገር መጠየቅ ይችላሉ፦ ልጥፉ እንዲነሣና ዋናው ወረቀት እንዲመለስላቸው። ከሁሉ አስቀድሞ የልጥፉን ምስል ከቀኑና ከገጹ ስም ጋር በስልክዎ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ከተነሣ በኋላ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ከዚያ አጎትዎን የሚያከብሩትን ሰው ይዘው በቃል ይጠይቁ። እንቢ ካሉ ፌስቡክ ላይ ሪፖርት ማድረግ አለ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ፍርድ ቤትም አለ።

የመጽሐፉ ጉዳይ በቅጅ መብት ሕግ (አዋጅ ቁጥር 410/1996) የሚታይ ነው። ደብዳቤ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ነው። ጥበቃ ለማግኘት መታተም፣ መመዝገብ ወይም የታወቀ ደራሲ መሆን አያስፈልግም፤ ተጽፎ ሲያበቃ መብቱ አብሮ ይወለዳል። የኢኮኖሚ መብቱ ጸሐፊው እስካለ የእሱ፣ ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። የአባትዎ ሞት በ1980 ዓ.ም. ነው ተብሎ ቢወሰድ ቢያንስ እስከ 2030 ዓ.ም. ድረስ ያለ እርስዎ ፈቃድ ማንም አያትማቸውም። መብቱን ለአሳታሚ ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ ስምምነት ብቻ ነው፣ ፈራሚዋም እርስዎ ነዎት። መጽሐፍ እናድርግ ያሉት ሰው ከአጎትዎ ጋር ብቻ ተፈራርመው ካተሙ ተጠያቂነቱ ለሁለቱም ይተርፋል። አዋጁ ለሞራል ጉዳት ብቻ ከ100,000 ብር የማያንስ ካሳ ያስቀምጣል፤ የወንጀል ቅጣትም አለው፣ ቀላልም አይደለም። ይህን ለማስፈራራት እንዲጠቀሙበት አይደለም የጻፍኩት። ሰውየው ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት እንዲያውቁት ተገቢ ስለሆነ ነው፤ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉላቸው።

እኔ በግሌ ደብዳቤዎቹ ቢታተሙ ደስ ይለኛል። ስለዚያ ጦርነት የጄኔራሎቹን እናነባለን፤ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ የነበረ ተራ ወታደር ለእናቱ የጻፈው ግን በየሳጥኑ እየበሰበሰ ነው። ግን እርስዎ ሲወስኑና እርስዎ አይተው ሲያጸድቁ ይሁን። ሕጉ ጽሑፉ እንዳይጣመምና እንዳይቆራረጥ የመቃወም መብትንም ይጠብቃል። «ፊደሉን እናርመው፣ አማርኛውን እናሳምረው» የሚል አርታኢ አይጠፋም፤ ምን ያህል እንደሚነካ በውሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። አብረው የተላኩ ፎቶግራፎች ካሉ የፎቶ ሥራ ጥበቃው ከተነሣበት 25 ዓመት ስለሆነ ከፎቶ አንሺው ወገን የሚጠየቅ ነገር የለም።

ከመታተማቸው በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የሌላ ሰው ስም ይኖራል። እገሌ ከዳ፣ እገሌ ፈራ፣ እገሌ ገንዘቤን በላ የሚል ሊኖር ይችላል። ሰውየው ዛሬ በሕይወት ካለና ክብሩን የሚነካ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2044 በስም ማጥፋት ሊጠይቅ ይችላል። መርዶ ሳይደርሰው የቀረ ቤተሰብም የልጁን መጨረሻ ከፌስቡክ እንዲያነበው ማድረግ ግፍ ነው። አባትዎ የአንድ ጓዳቸውን ሞት ጽፈው ከሆነ ቤተሰቡን ፈልጋችሁ በአካል ንገሩ፤ ያ ወረቀት ለእነሱም የፍርድ ቤት ማስረጃ ነው።

ስለ ኑዛዜው አጭር መልስ ልስጥ፦ ኑዛዜ አይሆንም። በተናዛዡ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በሕጋችን ተቀባይነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መነገር፣ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ከዚህም በላይ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። የአባትዎ ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ነው የኖረው። ቢሆንም የሚጎዳዎት ነገር የለም፤ ብቸኛ ልጅ ከሆኑ ያለ ኑዛዜም ወራሻቸው እርስዎ ነዎት።

አጎትዎን በተመለከተ ምክሬ አይክሰሱ ነው፤ ቢያንስ አሁን አይክሰሱ። ለይሉኝታ ብዬ አይደለም። የመጨረሻው ደብዳቤ ዋናው ያለው በእሳቸው እጅ ነው። በ1976 ታናሽ ወንድም የነበሩ ሰው ምናልባት ያኔ ተማሪ ሆነው ለእናታቸው ያነቡ፣ መልሱንም ይጽፉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እንዲያ ከሆነ የወንድማቸውን ጽሕፈት ለይቶ የሚያውቅ፣ የመጨረሻው ወሬ መቼ እንደመጣ የሚመሰክር፣ እርስዎም የወንድማቸው ልጅ መሆንዎን የሚናገር ከእሳቸው የተሻለ ምስክር የለም። ዛሬ ተከሳሽ ያደረጉትን ሰው ነገ ምስክር ሁነኝ ማለት አይቻልም። የሚለጥፉትም ወንድማቸው እንዳይረሱ ብለው ይመስለኛል እንጂ ለክፋት አይመስለኝም። ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሽማግሌዎች ይዘው ይቅረቧቸው።

ስምምነቱ ግን በቃል እንዳይቀር፤ ይጻፍ፣ ምስክሮች ይፈርሙበት። የደብዳቤዎቹ ብዛትና ቀን በዝርዝር ይሰፍራል። የእናትዎ ደብዳቤ ይመለሳል። የሌሎቹ ዋናው በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ሁለታችሁም የተሟላ ቅጅ ትወስዳላችሁ። ከእርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ አንዳችም አይለጠፍም፣ አይታተምም። መጽሐፍ ከተሠራ የገቢው ክፍፍል ይወሰናል። በሕግ የእርስዎ ቢሆንም ለአጎትዎ ድርሻ ቢመድቡ አይከፋም፤ ደብዳቤዎቹን ለማውጣት የተነሡት እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፦ ደብዳቤዎቹን «ግማሹን ለአንቺ፣ ግማሹን ለእኔ» ብላችሁ አትካፈሉ። ተከታትለው የተጻፉ ወረቀቶች ሲበተኑ ማስረጃነታቸውም ታሪክነታቸውም ይጎድላል።

እነዚህን ወረቀቶች ላሚኔት አታስደርጉ፣ የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉ። ጽሕፈቱ ላይ ክርክር ቢነሣ ባለሙያው የሚመረምረው ዋናውን ወረቀትና ቀለሙን ነው፤ በፕላስቲክ ከታሸገ ምርመራው ይሰናከላል። የሐይቁ ዳር እርጥበት ለወረቀት ጠላት ነው፤ ከግድግዳ ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ በካርቶን ይቀመጡ።

ጊዜም አያባክኑ። ያለ አግባብ የተያዘ ውርስ ይመለስልኝ የሚል ክስ በቁጥር 1000 መሠረት መብትዎንና ንብረቱ መያዙን ካወቁ ጀምሮ በ3 ዓመት ይታገዳል። አያትዎ ያረፉት ባለፈው ዓመት ስለሆነ ጊዜ አለዎት፤ ግን የመጥፋት ማመልከቻው ራሱ ወራት ሊፈጅ እንደሚችል አስበው አሁኑኑ ይጀምሩ። የጠበቃ ክፍያ ካስቸገረ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ማመልከቻ ያዘጋጁልዎታል።

ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ የየካቲት 1980ውን ደብዳቤ ዋናውን ከቅጂው ጋር ይያዙ። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘው ቅጂው ነው፤ ዋናው ለዳኛው ታይቶ እንዲመለስልዎ በማመልከቻው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይጠይቁ፤ መዝገቡ ውስጥ ትተውት አይውጡ።